ውሻዋን ላቆያት ወይስ ይቅርብኝ?

ለእንስሳት ሐኪም የቀረበ ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ገርጂ አካባቢ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ከስድስት ዓመት ልጄ ጋር እኖራለሁ። ውሾችን ከጎዳና የሚያነሱ ወጣቶች አንዲት ሴት ውሻ ቋሚ ባለቤት እስኪገኝላት እንዳቆያት ጠየቁኝ። ዓመት ገደማ ይሆናታል አሉ። የሀበሻ ውሻ ናት። መኪና ገጭቷት እግሯ ታክሞ ድኗል። አከራዬም ሽማግሌ ውሻ አላቸው። ልጄን እንዳትነክስብኝ እፈራለሁ። ከለመዳት በኋላ ስትሄድ እንዳይጎዳብኝም እፈራለሁ። ወጪውስ? እሺ ልበል ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ እሺ በያቸው። ግን ዛሬ አይደለም። ከእሺታሽ በፊት ማለቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። አብዛኞቹ ስልክ በመደወልና ቁጭ ብሎ በማውራት የሚያልቁ ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ራሱ ትንሽ ልበል። ውሻን በአደራ ማቆየት ውሻ ከማሳደግ ይለያል። የምትመግቢያትም፣ የምታለምጃትም፣ የምታሳክሚያትም ሌላ ሰው ቤት እንድትኖር ነው። ብዙ አደራ ተቀባዮች ግን መጀመሪያ ትዳን፣ ከዚያ ትወፍር፣ ከዚያ ትልመድ፣ ባለቤት መፈለጉ ይደርሳል ይላሉ። በዚህ መሃል ወራት ያልፋሉ። ውሻዋ ቤቱን የራሷ ታደርገዋለች። ልጁም ይለምዳታል፣ መለየቱም ይከብዳል። እኔ የምለው ፍለጋው በገባችበት ሳምንት ይጀመር ነው። ከዚህ በታች የምነግርሽንም ሁሉ በዚህ ዓይን እይው።

ወጣቶቹን ስታነጋግሪ ገንዘቡን ከማንሳትሽ በፊት ውሳኔው የማን እንደሆነ ጠይቂ። ብትታመም ሕክምናዋን የሚወስነው ማነው? ፈላጊ ሲመጣ እሺ ወይም እምቢ የሚለውስ? አንቺ ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ብትሄጂ ማን ይረከብሻል? ነገሩ አልሆን ቢልሽ በስንት ቀን ውስጥ ይወስዷታል? መልሱ በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ ይቀመጥ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። አብዛኞቹ ከኪሳቸው እያዋጡ የሚሠሩ ልባሞች ናቸው። ግን አንዱ ሲሰደድ፣ አንዱ ሥራ ሲቀይር፣ ውሻዋ ማንም የማይጠየቅባት ሆና አንቺ ጋ ትቀራለች።

ስለ ወጪው፣ የተለመደውና እኔም የምደግፈው አከፋፈል ምግቡ ከአንቺ፣ ሕክምናው ከእነሱ ነው። ሕክምና ስል ክትባት፣ የሆድ ትል መድኃኒት፣ የመዥገርና የቁንጫ መድኃኒት፣ እንዲሁም ማምከንን (እንዳትወልድ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና) ነው። ዋጋው ክሊኒክ ከክሊኒክ ስለሚለያይ እነሱ የሚያሳክሙበት ጋ ደውለሽ በዝርዝር ጠይቂ። «እኛ እንሸፍናለን» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። የትኛው ክሊኒክ፣ በማን ስም፣ ማታ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር ለማን እንደሚደወል ይነገርሽ። የክትባት ደብተሯንም በዓይንሽ እይው። ደብተር ከሌላት እንዳልተከተበች ቁጠሪው።

ውሻዋን ለአከራይሽ በድንገት አታሳዪያቸው። ውሻዋ ከገባች በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያጸዳ፣ የት እንደምትተኛ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የእሳቸው ሽማግሌ ውሻ ክትባቱ ያለፈበት ከሆነ ደግሞ ማስከተቡን አንቺ ቻይው። ወጪው ትንሽ ነው። ለውሻውም ለሰላማችሁም ይጠቅማል። ግቢው ውስጥ ሌሎች ተከራዮች ካሉ እነሱንም አትርሺ። ሙስሊም ጎረቤት ካለሽ የውሻ ለሀጭ ልብስ ሲነካ ለሶላት ያስቸግራል። ኦርቶዶክሷም ጎረቤትሽ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ለብሳ ስትወጣ ውሻ እንዲዘልባት አትፈልግም። በጠዋት ሰዓት ውሻዋን አስሮ ወይም ዘግቶ ማቆየት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

አሁን ወደ ጤናው እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ።

ከጎዳና የመጣ ውሻ ጤነኛ መስሎ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። ፓርቮ የሚባለው አንጀትን የሚያጠቃ የውሻ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይታያል። አንዳንዴ እስከ 14 ቀን ይቆያል። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው ተላላፊ የውሻ በሽታ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከአከራይሽ ውሻ ለይተሽ አቆያት። ሳህኗ ለብቻ፣ የምትጸዳዳበት ጥግ ለብቻ ይሁን። ትውከት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ምግብ አለመቅመስ ካየሽ አትጠብቂ፣ ክሊኒክ ውሰጃት። የፓርቮ ቫይረስ መሬት ላይ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመት ድረስ ይቆያል። ሳሙና ብቻውን አይገድለውም። አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠሽ፣ የጸዳው ወለል ላይ አፍስሰሽ አሥር ደቂቃ ተይው። የግቢው አፈር ግን በበረኪና አይጸዳም። ለዚህ ነው ሽማግሌውን ውሻ ቀድመን የምናስከትበው።

የሚያስፈራሽ ንክሻ ነው፣ ልክ ነሽ። ንክሻ ሁሉ ግን እኩል አያስፈራም። አገራችን ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። በዓለም ላይ በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሞት ወደ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ በሽታ በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን ፈጽሞ መከላከል ይቻላል። ሁለቱንም አንድ ላይ ያዢያቸው።

ክትባት ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። ውሻዋ ትናንት ተከተበች ማለት ዛሬ ነጻ ናት ማለት አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ መከላከያው የሚታመነው ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ከመከተቧ በፊት ተነክሳ ከነበረ ደግሞ ክትባቱ ላይደርስላት ይችላል። በሽታው ከንክሻ በኋላ ብዙ ጊዜ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ተደብቆ ይቆያልና። ስለዚህ ወጣቶቹን መቼ እንዳነሷት፣ መቼ እንደተከተበች፣ የድሮ የንክሻ ቁስል እንደነበራት ጠይቂ። እነሱ ጋ ታስራ የቆየችበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ለአንቺ ይሻላል። ከመኪና አደጋ ያገገመች ከሆነች ክሊኒክና ሰው እጅ ላይ ሳምንታት አሳልፋለች ማለት ነው። ይህ ጥሩ ነገር ነው።

ምልክቶቹን እወቂያቸው። ጨዋዋ ድንገት ኃይለኛ ትሆናለች፣ ወይም ኃይለኛዋ ድንገት ትለሰልሳለች። ድምጿ ይቀየራል። መዋጥ ያቅታታል፣ ለሀጯ ይዝረበረባል። የኋላ እግሯ ይንገዳገዳል። መንጋጋዋ ተንጠልጥሎ ስታዪ «አጥንት ተሰንቅሮባት ነው» ብለሽ እጅሽን አፏ ውስጥ እንዳትከቺ። ደጋግሜ የምናገረው ነው፣ ምክንያቱም በደግነት የሚሠራ ስህተት ነው። ዝጊባትና ለእኛ ደውይ።

ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሙሉ 15 ደቂቃ ይታጠብ። በሰዓት ያዢው፣ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬድ። አዲስ አበባ ላይ የድሮ ሰው «ፓስተር» የሚለውን ያውቀዋል፣ የዛሬው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ጤና ጣቢያም ወዴት እንደምትሄጂ ይነግርሻል። ውሻዋን አትግደሉ፣ አታባሩ። ተዘግታ 10 ቀን ትታይ። በነከሰችበት ቀን በሽታው በለሀጯ ከነበረ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታይባታል ወይም ትሞታለች። 10 ቀን ጤነኛ ሆና ከቆየች ከዚያ ንክሻ በሽታው አልተላለፈም። ይህን ቀን ቆጠራ ግን ክትባት ለማዘግየት አትጠቀሚበት። የሰውየው ክትባት ይጀመራል፣ ውሻዋ ደህና ከሆነች ሐኪሙ ያቆመዋል። ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፣ ክትባቱ ግን አይቅር። ይህን ሥራ ደጋግመሽ የምትሠሪ ከሆነ ለራስሽም ቀድሞ የሚሰጠውን መከላከያ ሐኪም ጠይቂ። ለእኛ ለባለሙያዎቹ የሚመከረው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩሽ እንድትተይው አይደለም። የታወቀች፣ የተከተበች፣ ደብተር ያላት ውሻ ቤትሽ መግባቷ ልጅሽ በየቀኑ ትምህርት ቤት ሲሄድ ከሚያልፋቸው ካልታወቁት ውሾች ያነሰ ያሰጋል።

ተራ ንክሻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፍርሃት ወይም ከሕመም ይመጣል። እግሯ ተሰብሮ የዳነ ውሻ የሚያማት ቦታ ሲነካ ልትነክስ ትችላለች። የት እንደሚያማት ክሊኒኩን ጠይቀሽ ለልጅሽ በጣትሽ አሳዪው። እግሯን ስታነክስ ካየሽ ቤት ያለውን ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትስጫት። ጨጓራዋን ያቆስላል፣ ኩላሊቷንም ይጎዳል። ለሰው የተሠራ ነው።

ለልጅሽ ሕጉ አጭር ይሁን። ስትበላ፣ ስትተኛና አጥንት ስትቆረጥም አይቅረባት። አያቅፋት። ውሻ መታቀፍን እንደኛ አያየውም፣ መያዝ ነው የሚመስላት። ራሷ ስትመጣ አንገቷ ስር በእጁ ይዳብሳት፣ አናቷ ላይ አይሁን። አንቺ ሳትኖሪ ሁለቱ ብቻቸውን አንድ ክፍል ውስጥ አይዋሉ። ልጅሽ የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን ይህ አይቀየር።

የመጀመሪያ ቀናቷ ላይ ዝም ብትል አትደነቂ። አልጋ ሥር ገብታ፣ ሳትበላ፣ ሳትጮህ ትውላለች። ሰው «እንዴት ጨዋ ናት!» ይላል። ጨዋነት አይደለም፣ ፈርታ ነው። እውነተኛ ጠባይዋ የሚወጣው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ያኔ መጮህ፣ ጫማ ማኘክ፣ በር ላይ መዝለል ትጀምራለች። ተበላሸችብኝ ብለው የሚደውሉልኝ አሉ። ቤቱን ስላመነች ነው እንጂ አልተበላሸችም። እንግዳ አታብዢባት። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ይያት አይባልም፣ አራስ አይደለችም።

ከሽማግሌው ውሻ ጋር የምታስተዋውቂያት ሁለቱ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው፣ ግቢ ውስጥም አይሁን። ግቢው የእሱ ነው። ሁለታችሁ ሁለቱን በገመድ ይዛችሁ ጸጥ ያለ ኮብልስቶን ላይ ራቅ ራቅ ብላችሁ ጎን ለጎን ሂዱ። ገመዱ አይወጠር። እየቆየ ርቀቱ ይጥበብ። ከዚያ አብራችሁ ወደ ግቢ ግቡ። ምግብና አጥንት ግን ለየብቻ ይቅረብ፣ የውሾች ጠብ አብዛኛው የሚነሳው ሳህን ላይ ነው።

ምግብ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ወጥ አትስጫት። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። በጥሬውም፣ ተቁላልቶም፣ በዱቄትም ያው ነው። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። የእኛ ወጥ ደግሞ ሲጀመርም ሽንኩርት ነው። አንድ ጉርሻ አይገድላትም፣ በየቀኑ ከተሰጣት ግን እየደከመች፣ ድዷ እየነጣ፣ ሽንቷ እየጠቆረ ትመጣለች። ቡሌ (የሆቴል ትራፊ ምግብ) የሚገዙ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ሩዝ ወይም ቅንጬ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ቀቅለሽ፣ ከስጋ ቤት የተገኘ ቁርጥራጭ አብስለሽ ቀላቅይላት። ደረቅ እንጀራም ምንም አይላትም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን አይሰጥም፣ እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትና ወይን ፍሬም ይከልከሉ።

ስጋ ቤቶች ለውሻ ብለው የሚሰጡትን ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጪ። የበዓል እርድ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ውሃ የቋጠረ ሳንባ ሲገኝ «ለውሻ ጣለው» ይባላል። ያ ውሃ የቋጠረ ነገር የትል እጭ ነው። ውሻዋ ስትበላው አንጀቷ ውስጥ ትናንሽ የኮሶ ትሎች ይሆናል። ከሳምንታት በኋላ እንቁላሉ በዓይነ ምድሯ ይወጣል። ልጅ አፈር ነክቶ እጁን አፉ ውስጥ ሲከት ወደ ሰው ይገባና በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ለዓመታት ያድጋል። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ቀዶ ሕክምና ነው። በቁራጭ ተቆርጦ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ከተንተከተከ እጩ ይሞታል። ለትሉም ተራ የሆድ መድኃኒት አይበቃም፣ ፕራዚኳንቴል ያለበት ይሁን። ስትገባ አንዴ ይሰጣት፣ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚነግርሽ ልዩነት ይደገም። በየቀኑ ዓይነ ምድሯን ማንሳት ደግሞ የአንቺ ፋንታ ነው።

ሴት መሆኗን ወጣቶቹ በቀላሉ ያለፉት መሰለኝ። ዓመት የሞላት፣ ጎዳና ላይ የቆየች ሴት ውሻ አርግዛ ሊሆን ይችላል። ከመቀበልሽ በፊት ክሊኒኩ በአልትራሳውንድ ይያት፣ ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ በደንብ ይታያል። እርግዝናው ባጠቃላይ ዘጠኝ ሳምንት ያህል ስለሆነ ሳታውቂው አንድ ሌሊት ስድስት ቡችላ ታቅፈሽ ልታድሪ ትችያለሽ። ካላረገዘች ደግሞ በየስድስት ሰባት ወሩ ሙቀት (ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ) ይመጣባታል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። በእነዚህ ሳምንታት የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በራችሁ ላይ ይሰለፋል። ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃሉ። ያኔ አከራይሽ ፈቃዳቸውን ቢያነሱ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ ሳትመክን ለማንም አትሰጥ። ለባለቤት ፍለጋውም ቁልፉ ይሄ ነው። እኛ አገር ሴት ውሻ የማትፈለገው ስለምትወልድ ነው። ቡችላ ሲከፋፈል ወንዶቹ ይወሰዳሉ፣ ሴቶቹ ይጣላሉ። «መክናለች» የሚለው አንድ ቃል የፈላጊዎችን ቁጥር ይቀይራል።

ማምከኑን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ። ሙቀት ላይ ካለች ይጠበቃል። እግሯ ሙሉ በሙሉ ካልጠናም ይጠበቃል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አሥር ቀን ያህል አትዝለል፣ ቁስሏንም አትላስ። አንገቷ ላይ የሚደረገው ላስቲክ ከሌለ ወጣቶቹን አስገዢያቸው።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ባለቤት ፍለጋው።

ማስታወቂያው ላይ «አዛኝ ልብ ያላችሁ» ብለሽ አትጀምሪ። በርኅራኄ የመጣ ሰው በርኅራኄ ይወስዳታል፣ ሳምንት ሳይሞላ ይመልሳታል። ውሻዋን ግለጫት። ከልጅ ጋር እንዴት ናት? ብቻዋን ስትሆን ትጮሃለች? መኪና ትፈራለች? ለማያውቁት ሰው ትጮሃለች ወይስ ጅራቷን ትቆላለች? ይህን ማወቅ የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ፣ አብራሽ ስለምትኖር። ለዚህ ብለሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሁለት መስመር ስልክሽ ላይ ጻፊ። የማይመቸውንም አትደብቂ። ነጎድጓድ ስትሰማ በር የምትቧጭር ከሆነ ንገሪያቸው። ፎቶው በቀን ብርሃን፣ በዓይኗ ቁመት ልክ ተንበርክከሽ አንሺው። ቆመሽ ከላይ ያነሳሽው ፎቶ ሁሉንም ውሻ የተቀጣ ያስመስለዋል።

ደዋዮቹ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «ዘር አላት?» ነው። የላትም በያቸው፣ አትቅለስለሺ። የሀበሻ ውሻ ለዚህ አገር አየርና ምግብ የተመቸች ናት። እንደ ጀርመን ሸፐርድ ብዙ አታስወጣም። የሚቀጥለው ጥያቄ «ትጠብቃለች?» ይሆናል። እዚህ ላይ ከብዙ ውሻ ወዳጆች ጋር አልስማማም። ለጥበቃ የሚፈልጋትን ሁሉ ጨካኝ አድርገው ያያሉ። ግቢ መጠበቅ ነውር አይደለም። ልትጠይቂው የሚገባሽ ሌላ ነው። ቀን ታስራ ማታ የምትፈታ ከሆነ ሰንሰለቱ ስንት ሜትር ነው? ጥላና ውሃ አለ? ክረምት የምትገባበት ቤት አለ? ማነው የሚመግባት፣ ባለቤቱ ወይስ የሚቀያየር ዘበኛ? ከዚህ በፊት የነበራችሁ ውሻስ ምን ሆነ? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። «ጠፋ»፣ «ሰው መረዘብን»፣ «መኪና ገጨው» የተባሉ ሦስት ውሾች የተከታተሉበት ቤት አጥሩ ክፍት ነው ማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከፈላጊዎቹ አንዳንዶቹ ኤምባሲ ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ የውጭ ዜጎች ናቸው። ጥሩ ይይዛሉ፣ ያሳክማሉ። ግን ውላቸው ሲያልቅስ? እሱን ፊት ለፊት ጠይቂ። «እወስዳታለሁ» ካሉ እንዴት እንደሆነ ይወቁት። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመውሰድ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ መለያ) መጀመሪያ፣ ክትባት ቀጥሎ፣ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ የደም ምርመራ፣ ከዚያ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ አለ። ከአራት ወር በታች አይሆንም። ጉዞው ከመቅረቡ አስቀድሞ የሚጀመር ጉዳይ ነው ማለት ነው። አሜሪካም ከኦገስት 2024 ጀምሮ ደንቡን አጥብቃለች። ውሻዋ ማይክሮቺፕ ሊኖራት፣ ከስድስት ወር በላይም ልትሆን ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ከበዛባቸው አገሮች ለሚመጡ ደግሞ ተጨማሪ ወረቀትና ምርመራ አለ። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ካልተለወጠ ጥሩ ምልክት ነው።

ሩቅ ክፍለ ሀገር የሚወስዳት ከመጣ የክትባቷን ነገር አጥብቂ። በተለይ ወደ ባሌ ተራሮች አካባቢ ከሆነ። እዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ከቤት ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር በተደጋጋሚ ፈጅቶታል። ያልተከተበች ውሻ ወደዚያ አትሂድ።

ቤቱን ሳታዪ አትስጪ። ዘመድም ቢሆን፣ የቢሮሽ አለቃም ቢሆን። አጥሩን፣ የውሻ ቤቱን፣ ሰዎቹ ለውሻ የሚያወሩበትን ድምፅ እይ። አረጋዊ እናት ካሉ ከእሳቸው ጋር አውሪ። ቀን ቀን ቤት የሚውሉት እሳቸው ናቸው፣ ካልፈለጉ ሁለት ወር አትቆይም።

ያደገች የሀበሻ ሴት ውሻ ባለቤት ለማግኘት ወራት ልትፈጅ ትችላለች። ቡችላ ቶሎ ይወሰዳል፣ እሷ አትወሰድም። አከራይሽን ስታናግሪ ይህን አትደብቂያቸው። ማስታወቂያው ወር ቆይቶ ካልተደወለ ዝም ብለሽ አትጠብቂ፣ ፎቶውንና ጽሑፉን ቀይሪ፣ ክሊኒኩም በር ላይ ይለጥፍልሽ።

የልጅሽን ነገር እንዳልረሳ። ከመግባቷ በፊት እንግዳ እንደሆነችና እንደምትሄድ ይወቅ። ስትሄድ «ሸሸች» ወይም «ወደ እናቷ ሄደች» አትበይው። የት እንደሄደች ንገሪው። ከተቻለ አዲሶቹን ሰዎች ያግኛቸው። ሥራም ስጪው። ውሃዋን መቀየር፣ ማስታወቂያው ላይ የሚወጣውን ፎቶ መምረጥ የእሱ ይሁን። ያለቅሳል፣ ያልቅስ። አንቺም ታለቅሻለሽ። እኔ የሚያሳስበኝ ያለቀሰው ሳይሆን ሳይነገረው ድንገት ያጣት ልጅ ነው።

በመሃል «እኔው ጋ ትቅር» ብትዪስ? መብትሽ ነው፣ ነውርም የለውም። ግን ሰዎች ቤታቸውን አሳይተውሽ፣ ሰንሰለትና ሳህን ገዝተው ከተዘጋጁ በኋላ አይሁን። ገና ፈላጊ ሳይመጣ ወስኚ። ወጣቶቹም አንድ የአደራ ቤት እንዳጡ ይወቁት።

ስትሰጫት ደብተሯን፣ የምትበላውን ምግብ ለጥቂት ቀን የሚሆን፣ ሳታጥቢው የምትተኛበትን ጨርቅ አብረሽ ላኪ። የአንገቷ ማሰሪያ ላይ የአዲሱ ባለቤት ስልክ ይጻፍ። ውሻ በብዛት የሚጠፋው በአዲስ ቤት የመጀመሪያ ቀናት ነው። በር ሲከፈት ትወጣና የምታውቀውን ቤት ፍለጋ ትሄዳለች። ከአያት እስከ ገርጂ ስንት መኪና እንዳለ ታውቂዋለሽ። ለመጀመሪያው ሳምንት ያለ ገመድ ወደ ውጭ አትውጣ፣ ግቢ ውስጥም ሰው ሳያያት አትፈታ። በሦስተኛው ቀን ደውይ፣ ከዚያ በሳምንቱ። የአንቺንም ቦታ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለሌላ ውሻ አትስጪው፣ ልትመለስ ትችላለችና።